ከነጓዙ የመጣ እንግዳ

እኛ ሐበሾች የሰው አገር አናምንም። ውሸት ነው ካላችሁ ከቦሌ ናይሮቢ የሚገባውን ሻንጣ ክፈቱት፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ፤ ከሥር ደግሞ፣ ኬንያ ውስጥ ባይኖርስ ተብሎ፣ ጨው! እኔን ሊያስመርቁ ወደምማርበት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የመጡት አክስቴ እትዬ ዘነበች ማማሰያ ሳይቀር ይዘው ነው የመጡት። "እትዬ፣ ማማሰያ እኮ እዚህም ይሸጣል" ብላቸው፣ "ይሸጣ! እኔ የእጄን ነው የማውቀው" አሉኝ። ሳቅኩባቸው።

ሳቄ አልሰነበተም። ለመመረቅ የቀረኝ ነገር፣ ተሳፋሪ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ታክሲ ሲጠብቅ ስንት ደቂቃ እንደሚገተር የሚገምተውን የኮምፒውተር ሞዴሌን በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር፣ በፈታኞች ፊት ማስነሳት ነበር። ካልተነሳ ምረቃው ለከርሞ ነው፤ እትዬም ከነማማሰያቸው ይመለሳሉ። ሞዴሉ ደግሞ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠሩ ብዙ ሶፍትዌሮች ይፈልጋል፤ እነሱም የተኳረፉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የአንዱን አዲስ ስትጭኑ ሌላው አኩርፎ ይወጣል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሸጋ የነበረው፣ እዚያ ሲደርስ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላውቅህም" ይላል።

እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ጓደኛዬ ሳሮን ናት የገላገለችኝ። "ኮንቴነር ውስጥ ክተተዋ! ኤቭሪቲንግ አብሮ ይሄዳል፤ ሃኩና ሺዳ።" ችግር የለም ማለቷ ነው። የመርከቡን ኮንቴነር እንዳይመስላችሁ፤ ሶፍትዌሩን ከነፓይተኑ፣ ከነአጋዦቹ በአንድ ጥቅል አሽጎ፣ በሄደበት ኮምፒውተር እንዳለ ማሠራት ነው። የእትዬ ሻንጣ በሉት። ጠቀለልኩት፣ በፍላሽ ያዝኩት፣ እንግዲህ ማንንም አልለምን ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በፈተናው ቀን ፍላሹን ሰካሁ። ወይ ፍንክች!

ለካ ኮንቴነር ሁሉን ቢይዝም፣ እሱኑ የሚያስነሳ ፕሮግራም ባረፈበት ኮምፒውተር ላይ መኖር አለበት። ያንን ለመጫን የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ያለው ደግሞ የላቦራቶሪው ኃላፊ ኦቲየኖ ዘንድ ነው፤ በአጠገቡ ስመላለስ "ሀባሪ" ብዬ ሰላም ብዬው የማላውቀው ሰው። ፈታኞቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው። የኦቲየኖን በር አንኳኳሁና "ታፋዳሊ" አልኩ፤ እባክህ ለማለት የማውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት። ከእግር እስከ ራስ አየኝና በስዋሂሊ "ለካ አፍ አለህ!" አለኝ። ቢሆንም ተነሳ፤ መጥቶ የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ፕሮግራሙን ጫነልኝ። ሞዴሉ ተነሳ። አለፍኩ።

ምሥራቹን ይዤ ቤት ብበር እትዬ የሉም። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው ወጥ ቤት ተደርድሯል፤ ድስቱ ግን የለም። የጎረቤታችን የማማ ኒያምቡራ በር ገርበብ ብሏል፤ ሳቅ ይሰማል። ብገባ፣ እትዬ አንዲት የስዋሂሊ ቃል ሳያውቁ የሰው ምድጃ ላይ ሽሯቸውን ያማስላሉ። ለካ የእኛ ቤት ጋዝ አልቋል።

"እትዬ፣ አለፍኩ!"

እልልታቸውን አቀለጡት፤ ማማ ኒያምቡራም በአገሯ እልልታ አጀበቻቸው።

"ግን እትዬ፣" አልኩ ነገር ፍለጋ፣ "ሁሉን ይዤ መጥቻለሁ አላሉም ነበር?"

ማማሰያውን ወደ እኔ ቀሰሩት።

"ይዤ መጥቻለሁ! እሳት ግን ቦሌ ላይ አያሳልፉም።"