እምቢታዬና ተዋጊው አውሮፕላን

የእኛ ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ እምቢ ይላል። ረሃቡ ከፊቱ እየተነበበ "ኧረ አሁን ነው የበላሁት!" ብሎ ይምላል። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ "በሞቴ!" ይለዋል። እንግዳው "በቃ ትንሽ ብቻ" ይልና ትሪውን ያጸዳዋል። እዚህ አውስትራሊያ፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር ውስጥ ከቸርች በኋላ የምንገባበት ቤት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ይህ ውሸት ነው እንዴ? እኔ ጨዋነት ነው እላለሁ። ችግሩ፣ እንግሊዝኛ "በሞቴ" የሚል ቃል የለውም።

እኔ ከሜልተን ከተማ ወጣ ብሎ ጥቂት በግና ሽንኩርት ያለኝ ገበሬ ነኝ። ብዙ አልናገርም። ባለቤቴ አልማዝ "አንተ ቃል በገንዘብ የሚገዛ ይመስልሃል" ትለኛለች። መሬቱን ስንገዛ አንድ የዶሮ ቤት አብሮት ነበር። ጣሪያው ረጅም የአሉሚኒየም ነገር ነው። ዝናብ አያስገባም፤ ዶሮዎቹም ቅሬታ አላቀረቡም፤ እኔም ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ብራያን የሚባል ሽማግሌ በግ ሊገዛ መጣና በጉን ትቶ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። የዶሮ ቤት ጣሪያ አይቶ የሚያለቅስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለካ ጣሪያችን የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ነው። የቀረው አካል እሱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ሰውየው ያረጀው ይህን ክንፍ ሲፈልግ ነው።

ልጄ ሊዲያ ስለ ገበያው አስረዳችኝ፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ። መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። የጦር አውሮፕላን ግን ተመትቶ፣ ረግረግ ውስጥ ወድቆ፣ አዞ ሲተኛበት ኖሮ ሲገኝ ይወደዳል። አንዱ ሰብሳቢ ጭራ አለው፤ ሌላው ሞተር አለው፤ ባሕር ተሻግረው እንደ ሙሽራና ሙሽሪት ይፈላለጋሉ። የአውሮፕላኑ ቁጥር የተቀረጸባት፣ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ብረት እውነተኛ ከሆነች፣ በእሷ ዙሪያ ሌላውን ሁሉ አዲስ ሠርተው "ያው የድሮው ነው" ይላሉ። ከሰማይ የወደቀ ነገር ዋጋው ሰማይ የሚነካበት ሌላ ገበያ አላውቅም። የክንፉን ዋጋ ሊዲያ ጨረሰች። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዶሮዎቹ ግን አዲስ ቆርቆሮ አላቸው።

ክንፉን ጭነን ከሊዲያ ጋር የብራያን መጋዘን ስንደርስ አውሮፕላኑን አየሁት። አሁን አልማዝም የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ስናርስ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር በሬዎቹን አቆም ነበር። አባቴ "ዓይንህን ወደ ትልሙ!" ይለኛል። ዓይኔን መለስሁ፤ ሐሳቤን ግን አልመለስሁም። ታዲያ አውስትራሊያ የመጣኸው በምንድን ነው ትሉኛላችሁ። በአውሮፕላን ነው፤ መካከለኛ ወንበር ላይ ሆኜ፣ የፊተኛውን ሰው ወንበር ጀርባ እያየሁ። የአብራሪ ወንበር ሌላ ነው።

ክንፉን አውርደን ስናበቃ ብራያን ፈገግ ብሎ የአብራሪው ወንበር ላይ ወጥቼ ብቀመጥ ደስ ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን በልማዱ "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ" አለ። ከዚያ "በሞቴ" እስኪለኝ ቆምሁ። እሱ "ኖ ወሪስ"፣ ችግር የለም ማለቱ ነው፣ አለና አውሮፕላኑን በሸራ ሸፈነው። ሸራው እስከ ጎማው ሲወርድ ቆሜ አየሁ።

በመኪና ስንመለስ ሊዲያ "ዳድ፣ ፈልገህ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ ስለገባት ቤት እንደገባን ለእናቷ ነገረቻት። አልማዝ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ፈረንጅ ደግሞ ይለምነኛል ብለህ ነው? ሊዲያ ባትኖር እስካሁን እዚያው ቆመህ ትጠብቅ ነበር እኮ!" አለችኝ። ሳቋን ስትጨርስ ግን አጠገቤ ተቀመጠችና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሰውየው አፉን ሳይዘጋ እሺ እንድል መከረችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽንኩርት ይዤ ሄድሁ፤ ባዶ እጅ አይኬድማ። ብራያን አመስግኖኝ "ዉድ ዩ ላይክ ቱ..." ብሎ ሲጀምር "የስ!" አልሁት። ደነገጠ። ንግግሩን ጨርሶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ባልዲና ብሩሽ አስጨበጠኝ። የጠየቀኝ ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አውሮፕላኑን በማጽዳት ባግዘው ደስ ይለኝ እንደሆነ ነው። ምን ይደረግ? አንዴ እሺ ብያለሁ።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እፍቃለሁ። ክንፉን ጨረስሁ፤ ጭራውን ጨረስሁ፤ ሆዱን በጀርባዬ ተኝቼ ጨረስሁ። የቀረኝ የአብራሪው ክፍል ወለል ብቻ ነው። እሱን ለማጽዳት ደግሞ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የግድ ነው። አልማዝ ሽንኩርቱን አረም ዋጠው እያለች ነው። ብራያንም አልፎ አልፎ ብቅ እያለ፣ ያቺ ትንሽ ወለል እስካሁን አላለቀችም ወይ ይለኛል።

መሪውን በሁለት እጄ እንደያዝሁ "ገና ናት" እለዋለሁ።