ዘንቢል ውስጥ ከተው የሄዱ

ሰው የማይገዛውን ዕቃ ለምን ዘንቢል ውስጥ ይከታል? ከገና ወዲህ ይህን እያሰብኩ ስንደዶዬን ስንት ጊዜ አጣምሜ ሰፋሁ መሰላችሁ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ ልጄን አዝዬ ሙዳይ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። የባለቤቴ ወንድም ሙሉቀን አስጎብኚ ነው። አንድ ቀን ሙዳዮቼን ፎቶ አነሳና «በኢንተርኔት ሱቅ ከፈትኩልሽ» አለኝ። በር የለው፣ መደርደሪያ የለው፣ ግን ሱቅ ነው አሉ። ገዢው አገሩ ቁጭ ብሎ የወደደውን ዘንቢል ውስጥ ይከታል፤ ከከፈለ እንልክለታለን። ሙሉቀን ኔትወርክ ባለ ቀን ስልኩን አይቶ ይነግረኛል፤ ፊደል እንደ ነገሩ ነው የማውቀውና፣ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ በተረፈ ደብተር ላይ ለከተተ ሰው አንድ ጭረት እጭራለሁ፤ ከከፈለ ጭረቱን እከበዋለሁ። ስንቱ ከቶ ስንቱ እንደሚሄድ ማወቅ አለብን ይላል።

ጭረቱ ገጹን ሞላ። ክቡ ሁለት።

ለሙሉቀን ያልነገርኩት ነገር ነበር። እኛ ገበያ ሰው «አስቀምጪልኝ» ካለ ዕቃው የእሱ ነው፤ ለሌላ መሸጥ ነውር ነው። ስለዚህ ለየጭረቱ አንዳንድ ሙዳይ እያነሳሁ አልጋ ስር አስቀምጥ ነበር። ገና ሲደርስ፣ እንግዳው በሚጎርፍበት ሰሞን፣ መደቤ ላይ አንድ ቀይ ሙዳይ ብቻ ቀረ። እሱን ሸጬ ለልጄ ብርድ ልብስ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ባሳላት ቁጥር እየቆጠርኩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን ለእሱም ጭረት ተጫረ።

ከሰዓት ሙሉቀን አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። ሙዳዩን አንስታ አልለቅም አለች።

«ተይዟል በላት» አልኩት።

«ማን ያዘው?»

«የጠዋቷ ጭረት።»

«አንቺ ሴት! እሷ እኮ አይታ ሄዳለች!»

«ከሄደች ለምን ከተተችው?»

ፈረንጇም ሄደች። እሷን ደብተሩ ላይ አልጻፍናትም።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ፣ ከኩልመስክ ብርድ ልብስ ይዘው የሚመጡት እትዬ ዘይነባ ከሩቅ ጠሩኝ። «የት ጠፋሽ ልጄ? ላንቺ ብዬ ሦስት ሰው መለስኩ!» ብለው ከጆንያቸው ስር ሰማያዊውን ብርድ ልብስ አወጡ። ከገና በፊት በልጄ ጀርባ ለክቼ «ያስቀምጡልኝ» ያልኳቸው ነው። ስናገር ዋሽቼ ነበር? እንጃ። እንደምገዛው ግን አልተጠራጠርኩም።

«ትንሽ ያቆዩልኝ» ብዬ ተመለስኩ።

እስቲ እናንተ ምከሩኝ። አልጋ ስር ያሉትን ሙዳዮች ለመጣው ሁሉ ልሽጣቸው? ይሁን ብዬ ብሸጥስ፣ እትዬ ዘይነባም እንደኔው ቢመከሩ፣ ልጄ ምን ትልበስ?