ጠላቂ ሰዓቶች እኛን ሲያወዳድሩን

ትናንት ሌሊት ሕልም አየሁ። ሕልም ስላችሁ እንደናንተ ዓይነቱን፣ ሲነጋ ግማሹ የሚረሳውን አይደለም። እኔ ሙሉውን፣ ከነቀለሙ፣ ከነሽታው ነው ያየሁት። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ከጨመርኩ የሆራ ሐይቅ በአንድ ጀንበር ደርቆ የኳስ ሜዳ ይሁን! ቢሾፍቱ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ውሃው እንዳለ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ላምጣ?

ሕልሙ ከምን እንደመጣ ላስረዳ። ግራ እጄ ላይ ያለው ሰዓት የጠላቂ ሰዓት ነው፤ ባሕር ውስጥ ለሚገቡ ሰዎች ስዊሶች የሚሠሩት፣ ስሙ ሲጠራ ሀብታም ሁሉ ቀና ብሎ የሚቀመጥለት። አጎቴ ምፅዋ ባሕር ኃይል በነበረ ጊዜ ያሰረው ነው። አጎቴ ይህን ሰዓት አስሮ ቀይ ባሕርን ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል፤ በዋና አይደለም፣ በእግሩ፣ ከታች በኩል። ዙሪያውን የሚሽከረከረው ቀለበት ድሮ ጥቁር ነበር፤ ፀሐይና ጨው በልተውት ዛሬ ሊዘንብ ያለ ደመና መስሏል። በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥሮቹ ላይ የተቀቡት ነጥቦች ቅቤ ቅቤ መስለዋል፤ ማብራቱንም ትተውታል። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረት ሞልቶታል። ማሰሪያው ስራመድ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል።

የባለቤቴ የአስናቀች ታናሽ ወንድም ዘውገ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት አዲሱን ከዱባይ አስሮ መጣ። ፋብሪካው አንድ፣ ስሙ አንድ፤ ልዩነቱ አርባ ዓመት ነው። የሱ ቀለበት ሴራሚክ ነው፤ በምስማር ብትጭሩት የሚጎዳው ምስማሩ ነው። መስታወቱ አይጫርም። ማሰሪያው ጠጣር ነው፣ ትንፍሽ አይልም። ነጥቦቹማ ማታ ሰማያዊ ሲያበሩ መብራት በጠፋ ቀን ሰፈሩ ሁሉ በነሱ ራት መብላት ይችላል።

"ጋሼ፣ እንቀያየር" አለኝ። "አሁን የድሮው ነው የሚፈለገው። አንተ አዲሱን እሰር፣ እኔ የደበዘዘውን ልሰር።"

"አስቤበት ጠዋት እነግርሃለሁ" አልኩት።

በዚች ምድር ላይ እኔን ያቃተኝ ነገር የለም፤ ይህቺ ግን ትንሽ ከበደችኝ። አዲሱን ባስር ሰው "እንዴት ያለ ጎረምሳ ሆነሃል!" ሊለኝ ነው። የድሮውን ብሰጥ ደግሞ አጎቴን፣ ብሎም ራሴን፣ አብሬ አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ። በዚህ ሐሳብ ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ዓይኔን ስገልጥ፣ በሕልሜ ማለቴ ነው፣ ቢሾፍቱ ተገልብጣለች። ሐይቁ ሽቅብ ወጥቶ ሰማዩን ሸፍኗል። ደመናዎቹ አስፋልቱ ላይ ተኝተዋል፤ ሰው በጫማው እየገፋቸው ያልፋል። ባጃጆች ሰው ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ባጃጅ አዝሎ ላቡን እያንጠፈጠፈ ሲሮጥ፣ ባጃጁ ከላይ ሆኖ "ወራጅ አለ! እዚች ጥግ ጣለኝ!" ይለዋል። እኔ እንደምታውቁት ድንኳንና ወንበር አከራይ ነኝ፤ በዚህ ከተማ ያለኔ ድንኳን የተዳረ ሰው ካለ ጋብቻው አልጸናም። ወንበሮቼ ሁሉ ሠርግ ተጠርተው ሄደዋል፣ ሰዎች ላይም ተቀምጠዋል። አንዷ የፕላስቲክ ወንበር የዕድራችን ሊቀመንበር ጭን ላይ እየተመቻቸች "ይሄ ሰውዬ ይቆረቁራል፣ ሌላ ቀይሩልኝ" እያለች ታማርራለች።

እኔስ? እኔ ታስሬ ነበር። ሰዓቴ ቤት አህሎ፣ እጅና እግር አብቅሎ ይራመዳል። እኔ ወገቡ ላይ ተጠምጥሜአለሁ፤ አስሩ ጣቶቼ ተቆላልፈው እንደ ማሰሪያ ይዘውታል።

"አታጥብቀኝ" አለኝ።

"ወዴት ነው የምንሄደው ጋሼ?" አልኩት። የአጎቴ ሰዓት ስለሆነ ጋሼ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

"ሰው ገበያ። ዛሬ የድሮውንና አዲሱን ሰው እናወዳድራለን። የማትረባ ሆነህ ከተገኘህ እቀይርሃለሁ።"

"በማን?"

"በዘውገ።"

ደነገጥኩ አልልም፤ እኔ ደንግጬ አላውቅም። ጣቶቼን ግን አንድ ዙር አጥብቄ ቆለፍኳቸው።

ገበያው የድሮው ባቡር ጣቢያ ሆነ። ከየአገሩ የመጡ ሰዓቶች ማጉያ መነጽር በአንድ ዓይናቸው ሰክተው ሰው ያገላብጣሉ፤ ጀርባ እየከፈቱ ያያሉ፣ ጆሮ እየጠመዘዙ ይሞክራሉ። አዲሱ ሰዓት መሐላቸው ሲገባ ሁሉም መንገድ ለቀቀለት፤ ያብረቀርቃላ! ዘውገን ወገቡ ላይ አስሮታል።

"የኔን እዩልኝ!" አለ። "ጥርስ ሙሉ። ሆድ የለም። ትከሻው ሰፊ፣ መጋጠሚያው ጠጣር። ማታ ስልኩን ሲከፍት ፊቱ ሰማያዊ ያበራል።"

"የኔው ማብራት ትቷል" አለ ሰዓቴ ቀዝቀዝ ብሎ።

ይህቺን ሳልሰማ አለፍኳት።

አንድ ሽማግሌ የኪስ ሰዓት ሰንሰለቱን እየጎተተ ተጠጋኝና መላጣዬን በማጉያ መነጽሩ ይመረምር ጀመር። ዳር ዳሯን ዞረ፣ መሐሏን አንኳኳ።

"ይቺ መላጣ ኦሪጅናል ናት?"

"ኦሪጅናል!" አልኩ።

"ኋላ ላይ አልተወለወለችም?"

"ከፀሐይና ከሚስቴ ንትርክ በቀር የነካት የለም።"

"ጎበዝ፣ ኑ እዩ!" ብሎ ጮኸ። "ራሷን ችላ የደበዘዘች! እንዲህ ዓይነቷ ዛሬ የት ትገኛለች?"

ሰዓቶቹ ተንጫጩ። አንዷ የሴት ሰዓት "እኔ እንኳን ማሰሪያዬ ጠባብ ሆኖ ነው እንጂ ይህን ሰው አልለቀውም ነበር" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቴን ነው። ዘውገ እንኳ ካለበት ሆኖ የራሱን ጥቅጥቅ ያለ ጎፈሬ በኀፍረት ዳሰሰ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሽማግሌው አፌን ከፍቶ አየና ወደ ኋላው ሸሸ።

"ይሄ ጥርስ ተቀይሯል! መለዋወጫ ነው!"

"ወይኔ!" አሉ ሰዓቶቹ። "ኦሪጅናል አይደለም!"

"ዋናው ከአዞ ጋር ስታገል ነው የወለቀው" አልኩ።

"ቢሾፍቱ አዞ የለም" አለ አዲሱ ሰዓት።

"አሁን የለም። ማን የጨረሳቸው ይመስልሃል?"

ሽማግሌው አፌን መልሶ ዘጋው።

ከዚያ ነቀነቁን። እኔ ስነቀነቅ ጉልበቴ፣ ወገቤ፣ አንገቴ ተራ በተራ ተንሿሹ። "የድሮዎቹ እንዲህ ናቸው" አለ ሽማግሌው በፍቅር፤ "ልል ናቸው፣ ግን ሰውነት ላይ አይከብዱም። ሸሚዝ ሥር ይገባሉ።" ዘውገ ሲነቀነቅ ድምፅ የለም። "ይሄኛው ጠንካራ ነው" አለ፤ "ግን የት ይገባል? በር አይበቃውም።" ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ለዘውገ ሆነና ገበያው ለሁለት ተከፈለ።

ሰዓቴ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "እውነቱን ንገረኝ" አለኝ። "እኔም እንዳንተው ነኝ፤ አዲስ ነገር ሲያብረቀርቅ ልቤ ይሄዳል። እንዳልቀይርህ አንድ ነገር ስጠኝ። ከሱ በምን ትበልጣለህ?"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣልኝን ሰጠሁት።

"በዋና" አልኩ።

"መዋኘት ትችላለህ?"

"ጋሼ፣ እኔ ስገባ እኮ ነው ሐይቁ ራሱ መዋኘት የሚማረው!"

ይህን ያልኩት በጆሮው ነበር፤ ግን በሕልም ውስጥ ሹክሹክታ በድምፅ ማጉያ ነው የሚወጣው መሰለኝ፣ ገበያው ሁሉ ሰማ። የጣቢያው የግድግዳ ሰዓት፣ የሁሉም ዳኛ እሱ ነው፣ ከግድግዳው ጎንበስ ብሎ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እንግዲያው ይጥለቁ! ከሐይቁ ወለል አንዳንድ ድንጋይ ይዛችሁ ልክ በሦስት ሰዓት እዚህ ተመለሱ። የዘገየ ተሸናፊ ነው። የድሮው ካሸነፈ ሰውየው ባለበት ይታሰር። አዲሱ ካሸነፈ ይቀየር!"

ሐይቁ ሰማይ ላይ ስለሆነ መጥለቅ ማለት መውጣት ነው። እንዴት እንደምወጣ እያሰብኩ ሳለ አንዲት ሚኒባስ መጣች። ረዳቱ አሳ ነው፤ በመስኮት ወጥቶ በክንፉ በሩን ይደበድባል።

"ሆራ! ሆራ! ሆራ! ሁለት ሰው የቀረው! ጠጋ ጠጋ በሉ እትዬ፣ ጅራትዎን ይሰብስቡ!"

ገባን። ውስጥ የተቀመጡት አሳዎች ጃንጥላ ይዘዋል።

"ምነው ጃንጥላ?" አልኳቸው።

"ውጭ አየር እየዘነበ ነው" አለችኝ አንዷ አሮጊት፤ "ብርድ እንዳይመታህ ልጄ።"

ከላይ፣ ማለትም ከታች፣ ጨለማ ነበር። ዘውገና አዲሱ ሰዓት ሰማያዊ እያበሩ አለፉን፤ ውሃው ሁሉ የሠርግ አዳራሽ መሰለ። እኔና ሰዓቴ እየተደናበርን ወለሉን ዳበስን። ድንጋይ አገኘሁ። ድንጋይ ስላችሁ ጠጠር አይደለም፤ ትንሽ ተራራ ነው፣ ብብቴ ሥር ከተትኩት።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?" አልኩ።

ሰዓቴ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ "አይታየኝም" አለ። "ነጥቦቼ ጠፍተዋል። ጨለማ ውስጥ ዓይን የለኝም።"

እዚያ ወለሉ ላይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላው። ስንት ባሕር የረገጠ ሰዓት! አጥብቄ ያዝኩት። በዚህ መሐል ሆዴ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ረጅም፣ እንደ ባቡር ጥሩምባ።

"ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው!" አልኩት።

"በምን አወቅህ?"

"ሆዴ ፍርፍር ጠየቀ። የኔ ሆድ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሄዶ አያውቅም። እንሂድ!"

ስንነሳ ዘውገን አየሁት። አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን ታቅፎ ፀጉሩን ያበጥራል።

"ዘውገ፣ ሰዓት ደረሰ!" አልኩት። ክፉ ሰው አይደለሁም።

"ገና ነው ጋሼ፤ ዘጠኝ ነው የሚለው!"

"እሱ እኮ የፈረንጁ ነው! የፈረንጅ ዘጠኝ የኛ ሦስት ነው!"

"ዳኛው ሦስት ነው ያሉት" አለ አዲሱ ሰዓት ኮራ ብሎ። "የኔ ቆጣሪ ሦስት ላይ ስትደርስ እንነሳለን። እኛ አንሳሳትም።"

ትተናቸው ሄድን። ጣቢያው ስንደርስ የግድግዳው ሰዓት ሦስተኛውን ደወል ሊመታ እጁን አንስቶ ነበር። ድንጋዩን አስቀመጥኩ፤ መድረኩ ተሰነጠቀ። ጠበቅን። ዘውገ የለም። ፍርፍር መጣ፣ በላን፤ ዘውገ የለም። ወንበሮቼ ሠርጋቸውን ጨርሰው፣ ሰው ላይ ተጭነው ሊያጨበጭቡልኝ መጡ፤ ዘውገ አሁንም የለም።

"የድሮው አሸንፏል!" አለ ዳኛው።

አቤት ጩኸቱ! የሴት ሰዓቶች እልል አሉ፣ ባጃጆች ጥሩምባ ነፉ፣ ደመናዎቹ ከአስፋልቱ ተነስተው ጨፈሩ። ሰዓቴ ከወገቡ ፈትቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገኝ፤ "ሰው አልቀይርም! ከዚህ ሰው ጋር ሌላ መቶ ባሕር እወርዳለሁ!" ብሎ በደስታ ወደ ላይ ወረወረኝ። ወደ ላይ ወደቅኩ፣ ወደቅኩ፣ ሐይቁ አፉን ከፍቶ ሊቀበለኝ ሲል ነቃሁ።

ቁርስ ላይ ዘውገ መጣ። አዲሱን ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እህሳ ጋሼ፣ ወሰንክ?" አለኝ። እኔም ለናንተ እንዳወራሁት፣ እንዲያውም ድንጋዩን ትንሽ አሳንሼ፣ ሕልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት።

"ስለዚህ አልቀይርም" አልኩት። "እኔ ብፈልግም እሱ አይፈልግም። ፈርዷል።"

ዘውገ ጉርሻው በእጁ እንዳለ ፈዝዞ ቀረ። "በናትህ ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ አየህ?"

"በነዚህ ዓይኖቼ!"

አስናቀች ሻይ እየቀዳች ነበር። የወንድሟን ብርጭቆ ሞላች፣ የኔን ሞላች፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

"ዘውዬ፣ ሕልሙን ያየሁት እኔ ነኝ" አለች በቀስታ። "ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነገርኩት። ሐይቁ ውስጥ የገባሁትም እኔ ነኝ። እሱ ዳር ቆሞ ጫማዬን ይጠብቅልኝ ነበር።"

"እና ሰዓቱ?" አለ ዘውገ። "ማንን መረጠ?"

ግራ እጇን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘረጋች።

"'ከሁለቱም ይልቅ ከሷ ጋር ነኝ፤ ማሰሪያዬን ብቻ በልኳ አሳጥሩልኝ' አለ።"