ወርቅ ሠሪው ሱሀይብ የጅብ ራስ እንደ ሠሩ

በዘመነ ተስኒም፣ እርሷ በሕፃናት ቴአትር ዛፍ ሆና በቆመች በዓመቱ፣ አያቷ ወይዘሮ ሳሊሀ ከደሴ ድረስ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከአጠገቧ ዛፍ ሆኖ ለቆመ ለሌላ ሰው ልጅ አጨብጭበው በተመለሱ በዓመቱ፣ ስማቸው በፒያሳ ወርቅ ቤቶች የገነነ፣ የቀለበት ጌታ፣ የተቋጠረ ሀብል ፈቺ፣ የተስኒም አባት እጀ ጽኑዕ ሱሀይብ የጅብ ራስ ሊሠሩ ተነሡ።

የተነሡበትም ምክንያት የቴአትሩ ገዥ መምህርት ማክዳ ያስነገሩት አዋጅ ነው፤ እንዲህ የሚል፦ «ዘንድሮ ጅብ የምትሆነው ተስኒም ናት፤ ልብሱን ግን ወላጅ ያዘጋጅ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ ጅቡ ካልመጣ ልጅቱ ወደ ዛፍነቷ ትመለሳለች!» ብላቴናይቱ ይህን ሰምታ ምሳዋን ሳትነካ ተነሣች፤ ዐምና የገዛ አያቷ እንኳ ለይተው አላወቋትም ነበርና።

ወእምዝ ሱሀይብ ሠራዊታቸውን አስከተቱ። ባለቤታቸው ነሲባ መርፌና ክር ታጥቀው፣ የጎረቤት ሴቶች የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ተሸክመው፣ የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ከነመቀሱ፣ ከአትክልት ተራም አንድ ድንች ተሸካሚ ባዶ ጆንያውን በትከሻው ጥሎ መጡ። ጆንያው የጅብ ቆዳ ሆነ፤ በከሰልም ዥጉርጉር ተደረገ፤ የድንቹ አፈር ግን እስከ ፍጻሜው ድረስ መርገፉን አልተወም።

ራሱን ግን ሱሀይብ ለማንም አላስነኩም። ጋዜጣውን በዱቄት ሙጫ እየነከሩ በካርቶን ላይ ለጠፉ፤ ጆሮውን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ቆረጡ፤ አፉንም ልጅቱ እንድታይበትና እንድትተነፍስበት አድርገው በሰፊው ከፈቱ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሙያቸው ልማድ አሳታቸው። በወርቅ ቤታቸው ሕግ ቀለበት ከባለቤቱ ጣት ላይ ሳይለካ አያልቅምና፣ ቅዳሜ ማለዳ የጅቡን ራስ ገና እርጥብ ሳለ በተስኒም ላይ ደፍተው፣ አንገቷን በክር ለክተው፣ እንዳይላላ አድርገው አጥብበው፣ እስኪደርቅ ድረስ በረንዳ ላይ ፀሐይ አስሞቋት። ፀሐዩ በረታ፣ ሙጫው ደረቀ፣ ራሱም ልክክ አለ። በአራዳ ምድር እንዲህ ያለ ልክ ከቶ አልታየም፤ ሊያወልቁት ቢሉ ግን እምቢ አለ።

ያን ጊዜ ነሲባ ከበረንዳው ላይ ሆነው አዋጅ አሰሙ፦ «ኧረ የሰፈር ሰው ድረሱ! ጅብ ልጄን ውጦ ቁጭ ብሏል! ጅቡን የሠራው ደግሞ የገዛ አባቷ ነው!»

ሰፈሩም ለምክር ተቀመጠ። ጣት ላይ የቀረ ቀለበት በሳሙና ውኃ እንደሚወጣ ሱሀይብ ያውቃሉ፤ ስንቱን ሙሽራ ከጭንቅ አውጥተውበታል። ነገር ግን ወረቀት ውኃ ከነካው ይፈርሳል፤ ጅቡ ከፈረሰ ደግሞ ተስኒም ዛፍ ናት። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን መዘዘ። ወዲያው ከጅቡ አፍ ውስጥ አዋጅ ወጣ፦ «ማንም እንዳይነካኝ! አያለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ብስኩትም በልቼበታለሁ! እንዳለሁ ውሰዱኝ፤ ዛፍ አልሆንም!» አባቷም መቀሱን ከሰውየው እጅ ተቀብለው በኪሳቸው ከተቱና ወደ ቴአትሩ ጉዞ ሆነ።

ሰልፉ በወርቅ ቤቶቹ ፊት ሲያልፍ ሰው ማኪያቶውን እንደያዘ ከካፌ ወጥቶ አየ። የተሳፈሩበት ታክሲ ረዳትም በሩን ከፍቶ አወጀ፦ «ጠጋ ጠጋ በሉ! ለጅቧ ከኋላ ቦታ ልቀቁላት!»

መምህርት ማክዳ ጅቡ በሰዓቱ መድረሱን አይተው ደስ አላቸው፤ አለመውለቁን ሰምተው ግን ደነገጡ፤ ከዚያም ፈረዱ፦ «ልጅቱ ትጫወት፤ ነገር ግን ብትታፈን ፈጥኖ የሚቆርጥላት ሰው መቀስ ይዞ ከአጠገቧ ይቁም። መድረክ ላይ ባዶ የቀረው ደግሞ የዛፉ ቦታ ብቻ ነው!» ከተስኒም በኋላ ዛፍ ልሁን ያለ ልጅ አልተገኘም ነበርና። ስለዚህ የቀለበት ጌታ፣ እጀ ጽኑዕ ሱሀይብ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ተጠቅልለው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በራሳቸው ላይ ተክለው፣ መቀሱን በጉያቸው ሸሽገው ቆሙ።

ተስኒምም ወጣች። ዐምና ቅጠሏን እንኳ ያላነቃነቀች ልጅ ዘለለች፣ አጉረመረመች፣ አነከሰች፣ በየእርምጃዋም የድንች አፈር አራገፈች፤ ሕፃናቱ ከሳቅና ከፍርሃት የተነሣ ወንበር ላይ ቆሙ። ዛፉ ግን ዓይኑን ከጅቧ ላይ አልነቀለም፤ በተነፈሰች ቁጥር አብሮ ይተነፍስ ነበር።

መጨረሻ ላይ እጅ ልትነሣ ጎንበስ ስትል፣ ሙጫው በላቧ ርሶ ኖሮ፣ ራሱ ሸርተት ብሎ ወለቀ፤ እየተንከባለለም ሄዶ ዘንድሮም ከደሴ ከመጡት ከወይዘሮ ሳሊሀ እግር ሥር ቆመ። በላብ የራሰው የተስኒም ፊት ለሰው ሁሉ ተገልጦ ይስቅ ነበር። ዛፉም ያለቅስ ጀመር፤ መቀሱ ከጉያው ወደቀ።

ወይዘሮ ሳሊሀ የጅቡን ራስ ታቅፈው ብድግ አሉና አዋጅ ነገሩ፦ «አልሐምዱሊላህ! ጅቧ የልጄ ልጅ ናት! ያ የሚነፋረቀው ዛፍም የኔው ሱሀይብ ነው! ዘንድሮስ ዛፌን አልሳትኩም!»

እነሆ፣ የሱሀይብ ክብር ከወርቅ ቤት ወደ ወርቅ ቤት ይነገር፣ ሚዛን በያዘ ሁሉ ዘንድ ስማቸው ይክበድ፤ ልጃቸው ዛፍ እንዳትሆን ብለው ራሳቸው ዛፍ ሆነዋልና።