የቀትሩ ሰልፍ

የሰው ልጅ በደልን ይችላል። የማይችለው ደንቡን ያልነገሩትን ውድድር ነው። ኋላ መቅረቱ ሳይሆን፣ ለምን ኋላ እንደቀረ አለማወቁ እንቅልፍ ይነሣዋል። የእህቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ የሽቶና የሽርጥ መሸጫ ገጽ አለው። ሰው «ሽርጥ» ብሎ ሲፈልግ ትናንት ከሁሉ በላይ የነበረው ገጹ ዛሬ ከሥር ተቀብሮ ይገኛል። ማን እንዳወረደው አይታወቅም። እሱና መሰሎቹ ተሰብስበው «አሠራሩን ቀይረውታል»፣ «ረጅም ጽሑፍ ነው የሚወደው»፣ «ኧረ የለም፣ ፎቶ ነው» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ልስቅ ብዬ ተውኩት። ይህንኑ ክርክር እዚሁ ድሬዳዋ፣ በደርግ ዘመን፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይናችን ሳናይ ሰምቼዋለሁ።

በሰፈራችን የቀበሌ ሱቅ ነበር። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ነጭ ጋዙም የሚገኘው እዚያ ነው፤ ያውም ከተገኘ። የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስኳሩ ሳይደርሰው ራሱ ይቀልጣል። ስለዚህ በጠዋት ድንጋይ ድንጋያችንን በተራ ደርድረን ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል። አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት ሁሉም የየራሱን ድንጋይ ፈልጎ ከአጠገቡ ይቆማል። የሰው ድንጋይ መንካት ነውር ነበር። ሚስቱን የሚያታልል ባል እንኳ ወረፋ አይሰርቅም።

የግቢያችን ጎረቤት የአሻ ባል ሙሜ ቀፊራ ገበያ ጥግ ልብስ ሰፊ ነበር። የሙሜ ድንጋይ ጨርቅ ሲቀድ የሚጭንበት፣ መሐሉን ነጭ መስመር ያቋረጠው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የማያውቀው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ድንጋዩን ሰልፍ አስይዞ ሲመለስ ሁለት ሰዎች «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ያ አንድ ጥያቄ ዓመት አለፈው። አሻ ያልጠየቀችው ቢሮ የለም፤ አለም፣ ሞተም የሚላት ግን ጠፋ። ያልተነገረ ሞት ማልቀስ ደግሞ በዚያ ዘመን ወንጀል ነው፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ራሱ ተጠያቂ ይሆናል። እናም አሻ ሚስትም መበለትም ሳትሆን ተንጠልጥላ ቀረች። ድንጋዩን ላምጣልሽ ብላት፣

«ተው አቦ! ያስቀመጠው ያንሣው» አለችኝ።

ማንም አልነካውም። የእኛ ድንጋይ ሲመጣና ሲሄድ የሙሜ ከሱቁ ግድግዳ ሥር ጥጉን ይዞ ተቀመጠ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፋችን ነቅተን ብንመጣ ሰልፉ ሌላ ሰልፍ ሆኖ ጠበቀን። ጠዋት ጭራ የነበረው መሐል ገብቷል፤ መሐል የነበረው ወደ ጭራው ወርዷል። ከሁሉ ፊት፣ በሩን ትክ ብሎ እያየ፣ የሙሜ ድንጋይ። ዘበኛው በአላህም በማርያምም ማለ። በማግስቱም ያው ነው። አንዳንዶች እንቅልፋቸውን ትተው ሊጠብቁ ተቀመጡ፤ ነገር ግን የድሬ ቀትር ዓይንን ሳያስፈቅድ ይከድናል። ስልም አድርጓቸው ብንን ሲሉ ሰልፉ ተቀይሯል፤ አቧራው ላይ የእግር ዱካ እንኳ የለም። አሮጊቶቹ «ቀትር የጋኔን ሰዓት ነው» አሉ። እኔ የተማርኩ ነኝና አላመንኳቸውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ በቀትር በዚያ በኩል አላለፍኩም።

ሰው መቼም ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። ባቡር ጣቢያ ቴሌግራም ሲያስተላልፉ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ ቸርነት የነገሩ ሊቅ ሆኑ። ማታ ማታ ከዛፉ ሥር ሰፈሩን ሰብስበው ያስተነትናሉ። «ከባድ ድንጋይ ነው የሚወደው» አሉ፤ ሰው የወፍጮ መጅ ተሸክሞ መጣ። «የለም፣ ደቻቱ ውስጥ ጎርፍ ያለሰለሰው ነው የሚቀድመው» አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ። እውነትም ጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ የደቻቱ ድንጋይ በሙሉ ወደ ጭራው ተጠረገ። ጋሽ ቸርነት እፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም።

«ደንቡ ተቀይሯል» አሉ።

ለአብዮቱ ብሎ ድንጋዩን ቀይ ቀለም የቀባም ነበር፤ የእሱ ቦይ ውስጥ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ይወዳል፣ ይጠላል ስንል «ማነው የሚወደው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። በሆዳችን ግን ሁላችንም የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠርጥረናል። የሚሾመው እሱ፣ የሚሽረው እሱ፤ ሰልፉንስ ከሱ በቀር ማን ይነካዋል?

ያልተቀየረው የሙሜ ቦታ ብቻ ነው። ሱቁ ሲከፈት ባለሱቁ «ቀጣይ!» ይልና ከድንጋዩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ያያል። እኛም እናያለን። ጥቂት ቆይተን፣ አንድ ሰው ተስተናግዶ እንደሄደ ያህል፣ ሁለተኛው ወደ በሩ ይጠጋል። ሙሜን ቀድሞ የሚሄድ አልነበረም። አሻ ሁልጊዜ መጥታ ድንጋዩን ስታይ ፊቷ ይበራል።

«አየህ? ፊት ነው ያለው፣ ወላሂ። ሙሜ አለ» ትለኛለች።

አንጀቴን በላችው።

አንድ ቀን ግን የሙሜ ድንጋይ ከሁሉ በስተኋላ ተገኘ። ነጩ መስመር ወደ መሬት ዞሮ፣ በአፉ ተደፍቷል። አሻ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ አቧራውን ጠረገችለት፤ በሻሿ ጠቅልላ አቅፋው ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከግቢያችን ጩኸት ተሰማ። አሻ ምንጣፍ አንጥፋ ለቅሶ ተቀመጠች።

እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። ሁላችንም ፈርተናል። ግን ጎረቤት አይደለን? አንድ ሁለት እያልን፣ በር በሩን እያየን ገባን።

ብዙም ሳይቆይ የፈራነው ደረሰ። ሊቀመንበሩ መሣሪያ የያዘ አጃቢውን አስከትሎ ከች አለ።

«ማነው ባልሽ ሞተ ያለሽ?»

አሻ ቀና አላለችም።

«ሰልፉ» አለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀላት ብዬ ነው። ቁጣው ሲዘገይብኝ ብገልጠው ሰውየው አመድ መስሏል። አጃቢውን ውጭ ጠብቀኝ አለው። ኮፍያውን አወለቀ፣ ከምንጣፉ ዳር ቁጢጥ አለ፣ ወደ አሻ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድንጋያችንን ሠራተኛዋ ናት የምታስቀምጥልን» አለ። «ለስላሳ ነው፤ ከደቻቱ ያስመጣሁት። ዛሬ ሳላየው ዋልኩ። አይተሽው ከሆነ... የእኔስ ስንተኛ ነበር?»

አሻ ለቅሶዋን ቀጠለች፤ የከለከላትም አልነበረም።