ብረቱን ያስነቀልኩላቸው ጫማ

እኛ ሰዎች ሳንጠየቅ ደግ መሆን እንወዳለን። አመመኝ ላለ ሰው ሦስት ዓይነት መድኃኒት እናዝለታለን፤ ጠገብኩ ያለውን በግድ እናጎርሰዋለን። እናንተ እንዲህ አታደርጉም አትበሉኝ፤ እንተዋወቃለን።

እዚህ አሜሪካ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥ አዛውንቶችን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ሚስ ኦፓል የሰማንያ ሁለት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት «ቅዳሜ የድሮ ተማሪዎቼ ሊያከብሩኝ ነው፤ ጥቁር ጫማዬን ወልውይልኝ» አሉኝ። የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ መሰለኝ። በየጠዋቱ በነጠላ ጫማ፣ የወጥ ቤቱን ጠርዝ ይዘው እግራቸውን ሲያወራጩም ሐኪም ያዘዘላቸው ስፖርት ነው ብዬ ነበር።

ጫማውን ገልብጬ ሳየው ጣቱም ተረከዙም ብረት ተመቷል። አንጀቴን በሉት። አባቴም ሶሉ ቶሎ እንዳያልቅ ብረት ያስመታ ነበር። በዚህ ዕድሜያቸው አንሸራትቷቸው ቢሰበሩስ? ጎረቤት ከተማ ማሪዬታ ወዳሉት የአገሬ ሰው ጫማ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ ደምሴ ከነፍኩ።

«ብረቱ እኮ ገና ደህና ነው፣ ልጄ።»

«ይንቀሉልኝ፣ ጋሼ። ሴፍቲ ይበልጣል። ለስላሳ ጎማ ያድርጉልኝ።»

ጎማው ሲያምር!

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አንዱ ተማሪ ታሪካቸውን ሲያነብ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ለካ ሚስ ኦፓል ታፕ ዳንሰኛ ናቸው፤ ወለሉን በብረት ጫማ እየመቱ የሚጨፍሩት። ጥቁር በፊት ለፊት በር በማይገባበት ቲያትር ቤት፣ በጓሮ በር ገብተው መድረኩን የረገጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ነበሩ። ኋላም የቤታቸውን መኪና ማቆሚያ የጭፈራ ትምህርት ቤት አድርገው አርባ ዓመት አስተማሩ። የዳሌ አጥንታቸው በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወዲህ ሐኪማቸው የፈቀደላቸው አንዲት ጭፈራ ብቻ ነች፤ የዛሬዋ፣ የመጨረሻዋ።

ተነሡ። መቱ። ዝም።

ደግመው መቱ። ዝም። ሶላቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ!

እሳቸው ግን ድምፅ በሌለው እግራቸው ቀጠሉ። ያኔ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ሽበታም ተማሪያቸው የጎደለውን ምት በራሷ ጫማ መታችው። ጎረቤቷ ተከተላት። ሁሉም እርምጃቸውን በቃል ያውቁት ነበር፤ ብዙዎቹም ባለብረት ጫማቸውን አድርገው መጥተዋል። ሚስ ኦፓል እግራቸውን ባነሡ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ መታላቸው። እኔም እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ ይቅርታዬን ሳልጀምረው አቋረጡኝ።

«አርባ ዓመት የራሴ ጫማ እየጮኸ አላሰማኝም ነበር። ዛሬ ያስተማርኩትን ሰማሁት» አሉ። ከዚያም «ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሌላ ጥንድ አለ። ለእሱም ጎማ አስደርጊልኝ» አሉኝ።

«እንዴ! ዛሬ የመጨረሻዎ ነው ብሎ የለ ሐኪሙ?»

«ጎማው ታዲያ እሱ እንዳይሰማ አይደል?»