የቅርብ መነጽር አድርጎ ገበያ መውጣት

ዓይናቸው ሲደክም መርፌውን የሚሰድቡ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ለእኔ አንዷን እግዜር ደባርቅ ላይ ጎረቤት አድርጎ ሰጥቶኛል። እትዬ አስካለ ጥልፍ ነፍሳቸው ነው። ክሩ አልገባ ሲላቸው ግን፣ «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳ የለውም!» ይላሉ።

በመጨረሻ ከቅዳሜ ገበያ መነጽር ገዙ። በምን መረጡት? በመስታወት ሲያዩት ፊታቸውን ስላሳመረው ነዋ! ደግነቱ ለጥልፉም ሰመረላቸው። ችግሩ፣ ማውለቅ ጠሉ።

አንድ ቀን እንዳደረጉት ገበያ ወጡና፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ሥጋ ሻጭ ቄስ መሰላቸው። ጎንበስ ብለው «አባ፣ ይፍቱኝ» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ ሥጋ እበልታለሁ እንጂ ኃጢአት አልፈታም!»

ገበያው ሳቀ። እሳቸው ግን ቤት ገብተው አለቀሱ።

«የእናቴም ዓይን መጥፋት የጀመረው ሰው መለየት ሲያቅታት ነው። ተራዬ ደረሰ» አሉኝ።

ለካ ያ ሁሉ መርፌ መስደብ ፍርሃት ኖሯል! በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። መርምሮ ሲጨርስ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ጤነኛ ነው። ይህ መነጽር ለቅርብ ሥራ ብቻ ነው፤ ሲሄዱ ያውልቁት።»

«አልታወርም?»

«ኧረ በፍጹም!»

እልል እያሉ ወጡ። ደጅ ላይ መነጽሩን አውልቀው ማዶ ማዶውን ተመለከቱ።

«አየህ፣ ያቺ ላም የሰው ገብስ ውስጥ ገብታለች!»

እኔ እንኳን ላሟ ማሳውም አልታየኝም። ግን ማን «አይታየኝም» ብሎ ያምናል? «አዎ፣ ቀይዋ» አልኩ።

«ጥቁር ናት!» አሉና ክንዴን ይዘው፣ እየሳቁ ወደ ሐኪሙ መለሱኝ።